ምንም ያልሠሩት ሰዎች ፕሮፌሰር

የናቃችሁትን ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ቀብር ላይ የሚነበበውን ዓይነት ማለቴ ነው፤ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ የሚጀምረውን፣ ትምህርቱንና ሥራውን በተራ የሚዘረዝረውን፣ ማንም ሰው ክፉ ሆኖ የማይወጣበትን ጽሑፍ። እኔ ተብያለሁ። ጻፊ ያለኝ ደግሞ እምቢ የማይባል ሰው ነው።

የደወሉልኝ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ጋሼ መኩሪያ ድሮ መቶ አለቃ ነበሩ። ሜልበርን ከመጡ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጡ፤ አሁን ኬንሲንግተን፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው የመንግሥት ቤት ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከሳሮን ጋር ይኖራሉ።

«መሲ፣ ፕሮፌሰሩ አረፈ እኮ» አሉኝ።

«የትኛው ፕሮፌሰር ጋሼ?»

«ስንት ፕሮፌሰር አለን? ፔንክሪጅ ነዋ፣ እንግሊዙ። ለሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹን ቡክ አድርጌያለሁ። ማኅበሩም ተስማምቷል። አንቺ አብረሽው ስለሠራሽ የሕይወት ታሪኩን ትጽፊያለሽ። አማርኛውን አንቺ፣ እንግሊዝኛውን ሳሮን ታነባለች።»

«ከእኛ ሰው ማን ያስታውሰዋል ብለው ነው?»

«እኔ አስታውሰዋለሁ። መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶኛል» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ቁጭ ብዬ «ፕሮፌሰር ሮላንድ ፔንክሪጅ» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ስሙን ሳየው ወዲያው የቢሮው ሽታ መጣብኝ፤ የብርቱካን ልጣጭና ዝናብ የመታው የሱፍ ኮት። ብርቱካኑን ወረቀቶቹ ላይ ይልጥና ልጣጩን የመስኮቱ ደፍ ላይ ይደረድረው ነበር። ደርቆ ሲጠቀለል እንኳ አይጥለውም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ትጥለው ዘንድ ይተወዋል። ሽታው ብቻውን አልመጣም፤ ያንን ዘመን ሁሉ ይዞት መጣ።

ያን ጊዜ ገና ከአዲስ አበባ መምጣቴ ነው። ታሪክ እማር ነበር፤ አስተማሪ ለመሆን የምቸኩል፣ ያገኘሁትን ሁሉ ለማስረዳት አፌን የሚበላኝ ልጅ ነበርኩ። የምኖረው ፍሌሚንግተን፣ ሬስኮርስ ሮድ ላይ ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ጋ ተጠግቼ ነው። አሳንሰሩ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። የማይሠራ ቀን ደረጃው ላይ ሰው በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በቬትናምኛ ሲማረር ትሰማላችሁ፤ ምሬቱን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። ሁላችንም የምንለብሰው ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የተገዛ ከባድ ካፖርት ነበር፤ ትከሻው የሌላ ሰው፣ እጅጌው የሌላ ሰው። ወንዶቹ ያንኑ ካፖርት ለሥራም፣ ለሠርግም፣ ለልቅሶም ይለብሱታል። ሴቶቹ እሑድ እሑድ ነጠላቸውን በወፍራም ጃኬት ላይ ያጣፋሉ፤ የሬስኮርስ ሮድ ነፋስ ሲመጣ ነጠላው እንደ ሸራ ይወጠርና ግማሹ የትራም ፌርማታ በአንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። ዛሬ ልጆቻቸው ቀጭን፣ ቀላል፣ ውድ ጃኬት ለብሰው በስልካቸው ላይ አቀርቅረው በዚያው ፌርማታ ይቆማሉ፤ ነፋሱም የቀነሰ ይመስለኛል።

ፉትስክሬይ ደግሞ እንዲህ እንደ ዛሬው ምግብ ቤቱ ሁሉ በእንጨትና በአምፖል ያጌጠ አልነበረም። ገበያው ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች፤ ጠረጴዛዎቹ ፕላስቲክ ለብሰው፣ ጥብሱ ገና ከመጥበሻው ሳይወርድ ሽታው መንገዱን ተሻግሮ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። ዛሬ ለአንድ ስኒ ቡና በምንከፍለው ያን ጊዜ አንድ ሳህን ጥብስ ከነእንጀራው ይበላ ነበር፤ ባለቤትየዋም ተማሪ ናት ብለው ጭማሪ ይደርቡልኛል። ከቤቱ ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ካሴት ይሸጣል። ካሴቱ ከካሴት፣ ያም ከሌላ ካሴት የተቀዳ ስለሆነ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ያም ሆኖ እትዬ አስካለ ወጥ ቤት ቆመው ሲሰሙት ማማሰያውን ይረሱታል። ወደ አገር ቤት የሚደወለው በስልክ ካርድ ነበር። ቁጥሩን ፍቀን፣ ረጅሙን ተራ ጠብቀን፣ ሰላምታውን ሳንጨርስ ካርዱ ያልቃል፤ በዚያ ዘመን የተነጋገርነው ሁሉ ሰላምታ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ፕሮፌሰሩ ልመለስ። የሕይወት ታሪክ በተራ ነው የሚነገረው፤ በተራ መናገር ደግሞ ሥራዬ ነው።

ሮላንድ ፔንክሪጅ የተወለደው በደቡብ እንግሊዝ፣ ባሕር አጠገብ ባለች ቀዝቃዛ ከተማ ነው። አባቱ የጫማ መደብር ነበራቸው። ይህን የማውቀው ራሱ በየሻይ ሰዓቱ ስለሚነግረን ነው። በወጣትነቱ ወታደር ለመሆን አመልክቶ «እግርህ ጠፍጣፋ ነው» ተብሎ ተመለሰ። የጫማ ነጋዴ ልጅ በእግሩ ሰበብ መመለሱ ለሌላ ሰው ሳቅ ነው፤ እሱ ግን ሲያወራው ጦር ሜዳ ላይ የቆሰለ ሰው ድምፅ ያወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ጦርነትን በወረቀት ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመጀመሪያው የምርምር ሥራው ስለ ፈረሶች ገለባ ነው፤ አንድ ጦር ለፈረሶቹ ስንት ገለባ ይዞ መሄድ አለበት የሚል። በዚህ ላይ አልስቅም፤ ፈረስ መብላት አለበት። ምነው በዚያው በቀረ ነው የምለው፤ ፈረስ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ትሕትና አያበዛም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገቱ እንዲህ ነው። የሆነ ቦታ ጦርነት ሲነሳ ፔንክሪጅ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ቴሌቪዥን ይጠራዋል፣ ጋዜጣ ይጠራዋል፣ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ ያለ ቢሮ ይሰጠዋል። የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ የምትቀመጥ ሰማያዊ ከረባት ነበረችው። አንድ ጠዋት ራዲዮኑ የሆነ አገር ድንበር ላይ ተኩስ ተከፈተ ሲል፣ ቀና ብዬ ሳይ እሱ አስቀድሞ መሳቢያውን ከፍቶታል። በሰው ሞት ከረባት የሚቀይር ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም። ፊቱ እንኳ ይወዛል። ከእንግሊዝ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሜልበርን የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እዚህ ሲመጣ የአፍሪካ ቀንድን ጦርነቶች ያጠናል ተባለ፤ አፍሪካን ግን ያያት ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው። የወባ ነገር ያሰጋዋል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መናገር ይገባኛል። ደመወዜን በሰዓቱ ያስከፍልልኛል፣ ሻይ ይቀዳልኛል፣ ስሜንም «መሰሬት» እያለ እያጣመመም ቢሆን ይጠራኛል። ክፉ ቢሆን ኖሮ እፈራው ነበር እንጂ እንዲህ አልንቀውም ነበር።

እኔን የቀጠረኝ ለአስተርጓሚነት ነው። ፍሌሚንግተን ፎቆች ውስጥ አገር ቤት ሳሉ በሰሜን ጦር ግንባር የተዋጉ ብዙ የድሮ ወታደሮች እንዳሉ ሰምቶ ሊያነጋግራቸው ፈለገ። የእሱ አሠራር አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል ነው። ሰዎች አብረው ከተቀመጡ አንዱ የሌላውን ቃል ያበላሻል ብሎ ያምናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብቻውን፣ በራሱ ጉዳይ ብቻ፣ በተወሰነው የጥያቄ ተራ ይጠየቃል።

ጋሼ መኩሪያ ያን ጊዜ ከእኛ ሁለት ፎቅ በታች ነበር የሚኖሩት። ለእንግዳው ክብር ከረባት አስረው፣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ለስላሳ ደርድረው ጠበቁን። አጠገባቸው የቅርብ ወዳጃቸው ጋሼ ንጉሤ ተቀምጠዋል፤ ድሮ በዚያው ጦር የሬዲዮ ሰው የነበሩ፣ ቀኝ እግራቸውን የሚያነክሱ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሰው። ፔንክሪጅ ሰላም ብሎ ተቀመጠና መጀመሪያ የጠየቀው፣ ሌላው ሰውዬ እንዲወጡለት ነው። በሰው ቤት፣ በሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ የቤቱን እንግዳ አስወጣልኝ አለ። እንዴት ብዬ እንደተረጎምኩት አሁን አላስታውስም። ጋሼ ንጉሤ ግን ፈገግ ብለው ከዘራቸውን አንስተው ኮሪደር ወጡና አሳንሰሩ አጠገብ ቆሙ። በሩ ተዘጋ።

«በዚያ ውጊያ ላይ እርስዎ በግልዎ ምን ሠሩ?» አለ ፔንክሪጅ።

ጋሼ መኩሪያ ሳቅ አሉ። «እኔ ምን ሠራሁ። የሠሩት ሌሎች ናቸው። እኔማ ሮጥኩ።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት በሩን ነው። ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አድጋችሁበታል። ትልቅ ሰው ስለ ራሱ «ምን ሠራሁ» ሲል አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ተው እንጂ፣ እንዲህ እንዲህ ያደረገው ማን ሆነና» ብሎ ይቀበለዋል። የአንዱን ሥራ ሌላው ነው የሚያወራው። ጋሼ መኩሪያ የድርሻቸውን ብለው የሌላውን ድርሻ ሲጠብቁ፣ የሚቀበላቸው ሰው ኮሪደር ላይ ቆሟል። ፔንክሪጅ ጻፈ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄም አለፈ።

ቀጥሎ ጋሼ ንጉሤ ገቡ፣ ጋሼ መኩሪያ ከገዛ ሳሎናቸው ወጡ። ጋሼ ንጉሤ ገና ሳይጠየቁ «መኩሪያ እኮ…» ብለው ጀመሩ። ፔንክሪጅ እጁን አነሳ። ስለ ራሳቸው ብቻ እንዲናገሩ ንገሪያቸው አለኝ። ነገርኳቸው። «ስለ ራሴማ ምን አለ» አሉ፤ «ተመትቼ ወድቄ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምኑን አየሁት» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

ከተማ ስንመለስ ትራም ውስጥ አስረዳሁት። በወረቀት ትኬቴ ጀርባ ላይ ሳይቀር ሣልኩለት፤ ሁለት ሰዎች፣ በመሃላቸው ቀስት፣ የአንዱ ሥራ በሌላው አፍ። አብረው ይቀመጡና አንዱን ስለ ሌላው ይጠይቁ አልኩት። ሁሉም «ምንም አልሠራሁም» የሚሉት አለመሥራታቸውን ሲመሰክሩ አይደለም፣ ራስን ማወደስ ነውር ስለሆነ ነው አልኩት።

ትኬቱን አየና መለሰልኝ። «ደስ የሚል ነገር ነው መሰሬት» አለ። «ግን እሱ የባህል ጥናት ነው፤ ባህል አጥኚዎቹ ያሉት ከእኛ ኮሪደር ማዶ ነው። እኔ የምይዘው የተነገረውን ነው።»

ከንቀቴ ሁሉ ሥር የሰደደው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ መሆኑን አትርሱ። የገዛ ባልደረቦቹ በምሳ ሰዓት «አንድ ትንሽ ነገር ሞክሬ ነበር» ሲሉ፣ ትንሿ ነገር እንደ ጡብ የወፈረች መጽሐፍ መሆኗ ወዲያው ይገባው ነበር፤ «ኧረ አንተ፣ ድንቅ ሥራ ነው እንጂ» ብሎም ይቀበላቸዋል። ጨዋታውን አሳምሮ ያውቀዋል። የእኛ ሰዎች ትሕትና ይኖራቸዋል ብሎ ግን አላሰበም። ለእሱ ትሕትና ከረባት የሚያውቁ ሰዎች ነገር ነው፤ ጋሼ መኩሪያ ያሰሩትን ከረባት እንኳ አላየውም።

መጽሐፉ ሲወጣ እኔ ከዚያ ቢሮ ለቅቄ ማስተማር ጀምሬ ነበር። ዋጋው ሰማይ ነው፤ ፍሌሚንግተን ውስጥ የገዛው የለም፣ እኔም አልገዛሁም። ለጋሼ መኩሪያ አንድ ተፈርሞበት ተልኮላቸዋል ሲባል ሰማሁ። ዋና ሐሳቡን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ካነጋገራቸው መኮንኖች አንዱም እንኳ «ይህን ሠራሁ» ብሎ አንድ የራሱን ተግባር መጥራት አልቻለም፤ ስለዚህ ያ ጦር የፈረሰው ጀማሪ መኮንኖቹ ባዶ ስለነበሩ ነው ይላል። ለዚህም የሚያምር ስም አወጣለት። በዚህ ስም ከአገር አገር ተጋብዞ ተናገረ፣ ሽልማት ወሰደ፣ የመጨረሻውን ትልቁን ቢሮ አገኘ። ከአንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ማንም ምንም ያልሠራበት ጦር ሠርቶ ወጣ። ዝናው በሙሉ የተሠራው ከእኛ ይሉኝታ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው አወድሺ የተባልኩት። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሦስት አራቴ ቀድጄ እንደጣልኩ ሳሮን ከትምህርት በኋላ ክፍሌ መጣች። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜም አማርኛ አስተምራታለሁ። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ሚስ፣ እኔ አላነብም» አለች።

«ለምን?»

ቦርሳዋን ከፍታ መጽሐፉን አወጣች። አያቷ ሳሎን ባለው መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ የሚያስቀምጡት ነው። ለእንግዳ ሁሉ እያወጡ ፊርማውን ያሳያሉ። ሳሮን ለንባቡ ልትዘጋጅ ብላ ወስዳው፣ ከኋላ ካለው የስም ዝርዝር የአያቷን ስም ፈልጋ ገጹን አግኝታለች። አነበብኩት። መቶ አለቃው በራሱ አንደበት እንደመሰከረው ምንም ሳይሠራ ሸሸ ይላል።

«እውነት ነው?» አለችኝ። «ፈሪ ነበር?»

«አያትሽ ያውቃሉ?»

«እንዴት ያውቃል? በእንግሊዝኛ ነው። እሱ ፊርማውን ነው የሚያየው።» አንገቷን ደፋች። «ሰሞኑን አብሬው መብላት አቅቶኛል። ምን ሆንሽ ይለኛል። ምን ልበለው? ሰው ፊት ቆሜ ይህን ሰውዬ ላመስግን?»

ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ያንን የትራም ትኬት አስታወስኩና ዘጋሁት። እኔ ብነግራት የምትይዘው የእኔን ቃል ነው፤ አያቷን መሳም ወይም መሸሽ ያለባት ግን እሷ ናት። ስለዚህ እንደማንኛዋም አስተማሪ የቤት ሥራ ሰጠኋት። ሁለቱንም ሽማግሌዎች አንድ ላይ አስቀምጪ። አያትሽን ስለ ራሳቸው አትጠይቂያቸው። ጋሼ ንጉሤን ስለ አያትሽ ጠይቂ፣ አያትሽን ስለ ጋሼ ንጉሤ። ጥያቄውንም በአማርኛ አድርጊው።

«እንዲህ ብቻ?»

«እንዲህ ብቻ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጽሑፉ ጥቂት ነገር ልጠይቅ በሚል ምክንያት ኬንሲንግተን ሄድኩ። ፍሌሚንግተን ላይ የፈረስ ውድድር ስለነበረ ባቡሩ ባርኔጣ ባደረጉ ሴቶችና ጫማቸውን በእጃቸው በያዙ ሴቶች ተሞልቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፁን ቀንሰው ውድድሩን በቴሌቪዥን ያያሉ፤ አይወራረዱም፣ ፈረሶቹን ብቻ ይተቻሉ።

«ያ ቡናማው ያሸንፋል» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

«ያ? ያ እንደ አንተ ነው የሚያነክሰው።»

ሳሮን መሃላቸው ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቃላቱን ስትለማመድ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ጋሼ ንጉሤ» አለች በአማርኛ። «አባባ ጦርነቱ ላይ ምን ሠራ?»

ጋሼ ንጉሤ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ራሱ እዚህ ተቀምጦ የለም?»

«እሱ ሮጥኩ ነው የሚለው።»

«እውነቴን ነው» አሉ ጋሼ መኩሪያ፣ ዓይናቸውን ከፈረሶቹ ሳያነሱ። «ሮጫለሁ።»

«ሮጧል» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «አይዋሽም። እኔ ጀርባው ላይ ነበርኩ።»

ሳሮን አያቷን አየች።

«ተው አንተ ሰውዬ።»

«ምን ተው? ልጅቷ ጠየቀች እኮ።» ጋሼ ንጉሤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ጭኔን ተመትቼ ወድቄያለሁ። መኪናው ሄዷል። ሰው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ አያትሽ ከሁሉም በፊት ወርዶ፣ ተርፎ፣ እኔ እንደሌለሁ ሲያይ ሰው በሚወርድበት መንገድ ብቻውን ሽቅብ መጣ። በቀበቶው አስሮ ተሸከመኝ። ከዚያ ሮጠ። ፈፋውን ሙሉ ሮጠ። መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ ነበር፣ ከበድክ እያለ።»

«ከብዶ ነበር» አሉ ጋሼ መኩሪያ ወደ ሳሮን ዞረው። «ከጠቅላላው ጦር የወፈረ እሱ ብቻ ነው። ምን ይበላ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ደግሞ ለምን እንደተመታ አይነግርሽም። ሌላው ሲወርድ ሬዲዮው አጠገብ የቀረው እሱ ነው። እሱ ባይቀር ኖሮ ከፊታችን መንገዱ መዘጋቱን የሚነግረን አልነበረም። እኔም ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ፈረስ አላይም፣ አንቺም የለሽም።»

«እኔማ ምን ሠራሁ» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «የሠራው ሬዲዮው ነው።»

ሳሮን ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ታዲያ ይህን ለፕሮፌሰሩ ለምን አልነገራችሁትም?»

ጋሼ ንጉሤ ትከሻቸውን ሰበቁ። «እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ» አሉ።

ሳሮን ከወንበሩ ተነስታ አያቷ ሶፋ ላይ፣ ትከሻቸውን ተደግፋ ተቀመጠች። «ምን ሆንሽ?» አሏት። «ምንም» አለች፤ በአማርኛ። እስከ ውድድሩ መጨረሻ አልተነሳችም። ቡናማው ፈረስ ከኋላ ሁለተኛ ወጣ።

ስወጣ ጋሼ መኩሪያ እስከ በሩ ሸኙኝ። መጽሐፉ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመልሷል፤ ከመስታወቱ ኋላ ይታያል። እስካሁን ያልጠየቅኳቸውን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ስለ እርስዎ ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«ሮጠ ነው የሚለው አይደል? የሳሮን እናት ያኔውኑ አንብባልኛለች።»

«ታዲያ ምንም አይሉም?»

«ስለ ራሴ እኔ ልናገር? ንጉሤ እያለ?» ከልባቸው ገርሟቸው አዩኝ።

«ለዚህ ሰው ነው አዳራሽ የያዙለት?»

«እዚህ ከተማ ማን አለው መሲ? ሰው የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብለት ይቀበራል እንዴ? ዝም ብለሽ ጻፊለት።»

ጻፍኩለት። እሑድ አዳራሹ ውስጥ የተገኘው ሰው ብዙ አልነበረም፤ ግማሹ ለጋሼ መኩሪያ ሲል፣ ሌላው ለዳቦው ሲል የመጣ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ማንም አልመጣም። ቀዝቃዛዋን ከተማ፣ የጫማውን መደብር፣ ጠፍጣፋውን እግር፣ የፈረሶቹን ገለባ በተራ አነበብኩ። አንድም ውሸት አልጨመርኩም፤ ከእውነቱም የቀነስኩት ጥቂት ነው። «ፕሮፌሰሩ ሰዎችን ሁልጊዜ አንድ በአንድ፣ ለየብቻ ያነጋግር ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ከፊተኛው መደዳ ጋሼ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሳሮን ተነስታ እንግሊዝኛውን አነበበች። ስትጨርስ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል ሄዳ ተቀመጠች። የጋሼ መኩሪያ ልግስና ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን ያን ያህል ልግስና የለኝም። ሰውዬውን ዛሬም እንደናቅኩት ነኝ። ሁለት ሰዎች አጠገቡ ነበሩ፤ በመሃላቸው በር ዘጋ፣ ከዚያ ዝምታውን መጽሐፍ አድርጎ ሸጠው።

አሁን እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እቤታችሁ ወይም ጎረቤት «እኔ ምን ሠራሁ» የሚል ትልቅ ሰው አይጠፋም። በዚህ ሳምንት ወዳጁን ፈልጉና ጥሩለት፤ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱን ስለ ሌላው ጠይቁና ዝም በሉ። «ተው» ሲል አትመኑት። በሩን ደግሞ ክፍት አድርጉት፤ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ሊኖር ይችላል።